ሦስተኛው ትራምፔት

ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል አገር ቤት በገባሁ ጊዜ የጆሮ ማዳመጫዬን ለሃምሳ አለቃ ሰጠኋቸው። ሃምሳ አለቃ ጎረቤታችን ናቸው። ቆሰበር ውስጥ የአባታቸውንም የራሳቸውንም ስም የሚጠራ የለም፤ ማዕረጋቸው ነው ስማቸው። ልጆች ሆነን ጠዋት ጠዋት ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ከንፈራቸውን እያርገበገቡ እንደ ንብ ሲያጉረመርሙ በአጥሩ ቀዳዳ እያጮለቅን እንስቅ ነበር። ያበዱ ነበር የሚመስሉን። ከጦሩ ማርሽ ባንዶች በአንዱ ሃያ ዓመት ሦስተኛ ትራምፔት እንደነፉ፣ ያ የንብ ድምፅም መሣሪያውን ያጣ ነፊ ከንፈሩ እንዳይሰንፍበት የሚያደርገው ልምምድ እንደሆነ የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ከ«ኢትዮፒክስ» አልበሞች አንዱን ከፈትኩላቸው። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያለቅሱልኝ ጠብቄ ነበር። ሽማግሌ፣ ትዝታ፣ እንባ፤ ቪዲዮ ልቀርፃቸውም አስቤ ነበር። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ማዳመጫውን አውልቀው በጥንቃቄ መለሱልኝ።

«ዘፋኙንስ አውቄዋለሁ» አሉ። «ከኋላ የሚነፉት እነማን ናቸው?»

ስልኬን አየሁት። የዘፋኙ ስም አለ፣ የአልበሙ ስም አለ፣ ዓመተ ምሕረት አለ። «አይልም ጋሼ» አልኳቸው።

«ሦስተኛው ጎበዝ ነው።»

«የቱ ነው ሦስተኛው?»

በአፍንጫቸው አንድ ዜማ አንጎራጎሩልኝ። ዘፈኑን ቢያንስ ሁለት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ኮድ ስጽፍ የማዳምጠው ነው። ያን ዜማ ግን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ደጋግሜ ፈለግሁት። በስድስተኛው ላይ አገኘሁት። ከድምፃዊው ስር፣ ከመጀመሪያው ትራምፔትም ስር፣ ምንም የማይታይ ሥራ የሚሠራ ሰው ነበረ። አንዴ ከሰማሁት ወዲያ ደግሞ ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የኢትዮፒክስ ግምገማ ነው፤ ሃያ ምናምን ዓመት የዘገየ ግምገማ። ተከታታዩን የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቡዳ ሙዚክ በተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በኩል ያወጣቸው፣ ቁጥራቸው 30 ገደማ የደረሰ አልበሞች ናቸው። የእኔ ዕድሜ ልጆች የአባቶቻችንን ሙዚቃ በአብዛኛው ከአባቶቻችን አይደለም የተቀበልነው። ዶርም ውስጥ ከእጅ እጅ በምትዞር አንዲት ሃርድ ዲስክ ነው የደረሰን፤ እዚያች ዲስክ ላይ ደግሞ የደረሰው በፈረንጅ በኩል ዞሮ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ሸክላው ተሰባብሮ፣ ማስተሩ በየሰው ቤት ተበትኖ በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው ሰበሰበው። ምስጋና ይገባዋል፣ ጨርሰናል።

ግን የአልበሞቹን ዝርዝር ተመልከቱ። 4ኛው ሙላቱ አስታጥቄ፣ 7ኛው ማሕሙድ አሕመድ፣ 9ኛው ዓለማየሁ እሸቴ፣ 14ኛው ጌታቸው መኩሪያ፣ 17ኛው ጥላሁን ገሠሠ። አንድ አልበም፣ አንድ ሰው፣ አንድ ፊት። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ የሚበቃባቸው አሉ፤ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ለብቻቸው ፒያኖ ፊት ሲቀመጡ ከኋላ የጎደለ ሰው የለም። የሌሎቹ ሙዚቃ ግን እንዲህ አልተሠራም። ይህ ሙዚቃ የወጣው ከሰልፍ ነው። ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ፊት የለም፣ ያለው ረድፍ ነው።

የሰልፉ ታሪክ ከአድዋ ማግስት ይጀምራል። ከድሉ በኋላ ከሩሲያ የትንፋሽ መሣሪያዎች መጡ፤ ቤተ መንግሥቱ በነጋሪትና በመለከት ላይ ትራምፔትና ትሮምቦን ጨመረ። ቀጥሎ 1916 ዓ.ም. ነው። ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ውስጥ በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከዘር ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አብሯቸው የመጣው አስተማሪ ኬቮርክ ናልባንዲያን የዘውዱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ስሙም በየታሪኩ ይነሳል። ልጆቹስ? «አርባ ልጆች» ይባላሉ። በቃ። ቁጥራቸው ነው ስማቸው። በልጅነቴ ይህን ስያሜ ስሰማ የተረት ስም ይመስለኝ ነበር፤ ከሃምሳ አለቃ ጥያቄ በኋላ ግን ትንሽ ያመኝ ጀምሯል። እናቱን አጥቶ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ላይ ክላሪኔት የነፋ ልጅ ከአርባ አንዱ ሆኖ ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ማርሻቸውንም የዳንስ ኦርኬስትራቸውንም አቋቋሙ። ጥላሁንና ማሕሙድ ከክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ ከፖሊስ ናቸው። መሣሪያው የመንግሥት፣ ልብሱ የመንግሥት፣ ማዕረጉ የመንግሥት ነበር። በ1953 ዓ.ም. የታኅሣሡ ግርግር ሲመጣ ጥላሁን መታሰሩ ይህን ያስታውሰናል፤ ዘፋኝ ብቻ አልነበረም፣ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበር። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የራሱን የሸክላ ኩባንያ ከፍቶ የመንግሥቱን ብቸኛ የማሳተም መብት ሲገዳደር እንኳ የቀዳቸው ሰዎች በአብዛኛው የነዚህ ተቋማት ልጆች ነበሩ። ጊዜው «ወርቃማ» ይባላል። ወርቁን ያነጠሩት ግን በየጠዋቱ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው የሚነፉ፣ ደመወዛቸውን በመዝገብ ፈርመው የሚቀበሉ ሰዎች ናቸው።

ለፋልሴቶ ፍትሐዊ ልሁን። እ.ኤ.አ. በ2001 «አቢሲኒ ስዊንግ» የሚል የፎቶ መጽሐፍ አሳትሟል፤ እዚያ ውስጥ ባንዶቹ በረድፍ በረድፍ ቆመው አሉ፣ ቁልፋቸው ተቆልፎ፣ ነሐሳቸው ተወልውሎ። ሰውየው ረድፉን አይቶታል። ያላየው ገበያው ነው። አልበም ሽፋን ላይ አንድ ፊት ያስፈልጋል፤ ወደ ስልክ ሲመጣ ደግሞ የአልበሙ ሐተታ ሁሉ ይቀርና ስሙ ብቻ ይተርፋል። በእኔ ሙያ ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። ዳታቤዝ ስትሠራ «ዘፋኝ» የሚል አንድ ሳጥን ታስቀምጣለህ፤ ለሦስተኛው ትራምፔት ሳጥን ሳትሠራለት ስትቀር ሰውየውን በክፋት አልሰረዝከውም፣ የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ነው ያጣው። ውጤቱ አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ባርቢካን ላይ የኢትዮፒክስ ኮንሰርት ተደረገ። ማሕሙድ፣ ዓለማየሁ፣ ሙላቱ፣ ጌታቸው። ከኋላቸው የቆመው «ኢዘር ኦርኬስትራ» የተባለ የቦስተን ባንድ ነበር። ይህ ባንድ ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. በ2004 አዲስ አበባ ላይ ተጫውቶ ኮንሰርቱ 20ኛው ኢትዮፒክስ ሆኖ ታትሟል። ቪዲዮዎቹንም ቅጂዎቹንም ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ። ባንዱ ጎበዝ ነው። ኖታው ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ ለሙዚቃው ያላቸው አክብሮት ይታያል። እንዲያውም ከሸክላዎቹ ይልቅ ቅኝታቸው የተስተካከለ ነው።

እኔን የከነከነኝ ይኸው ነው። ድምፃውያኑ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ወደ መድረክ ሲመለሱ «መመለስ» የተባለው ነገር ግማሽ ነበር። የተመለሰው የፊቱ ሰው ነው፣ ረድፉ ግን በሌላ ረድፍ ተተካ። ማንም ሰው ልብ አላለም፤ ምክንያቱም ድሮውንም ማን እንደነበረ አናውቅም። እኔም ልብ አላልኩም ነበር። አሁን ሳዳምጠው የሚጎድለኝ ነገር ከኖታ ውጪ ነው። በድሮው ሸክላ ላይ ነፊዎቹ አንዳንዴ ወደ ዜማው የሚገቡት ትንሽ ዘግይተው ነው፤ ግን ሁሉም እኩል ዘግይተው። ያ ስሕተት አይደለም። አብሮ የኖረ ሰው ትንፋሽ ነው። አንድ ሰፈር የኖሩ፣ አንድ ምንቸት ወጥ የበሉ፣ አንዱ ሲያመው ሌላው ተራውን የሸፈነለት ሰዎች የት ላይ እንደሚተነፍሱ ሳይነጋገሩ ያውቁታል። ይህን በኖታ ላይ መጻፍ አይቻልም፤ ሌላ ባንድ ኖታውን ወስዶ ሲጫወተው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ይኸው ነው።

ሃምሳ አለቃን ይህን ጠይቄያቸዋለሁ። «ትንፋሽ እንዴት ትከፋፈሉ ነበር?» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁ። አራት ትራምፔቶች ነበሩ። ረጅም ሰልፍ ላይ አራቱም ከተነፈሱ ሙዚቃው ቀዳዳ ያወጣል። ስለዚህ አራተኛው በግራ እግር፣ ሁለተኛው ከእሱ ሁለት እርምጃ በኋላ፤ እያለ ይቀጥላል። ሦስተኛው መጨረሻ ነው የሚተነፍሰው። «ለምን እርስዎ መጨረሻ?» ስላቸው «ሳንባዬ ጥሩ ነበራ» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «አንደኛው አስም ነበረበት። ለሐኪም አልተናገረም፣ ከባንድ ያስወጡታል። ሦስታችን ነን የምናውቀው።» የአንደኛውን ሶሎ ሰምቶ ያጨበጨበ ሕዝብ ሁሉ የሰማው የሦስት ሰው ምሥጢር ነበር ማለት ነው።

ለንጽጽር እንዲሆን ወደ አሜሪካ ልሻገር፤ የዩቲዩብ ስልተ ቀመር ከዚህ በኋላ ወደዚያ ወስዶኛልና። እዚያ «ድራም ኤንድ ቢውግል ኮር» የሚሉት ነገር አለ፤ ከበሮና ቢውግል ይዞ የሚሰለፍ የሙዚቃ ቡድን። ሥሩ ወታደራዊ ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች በየከተማው በየማኅበራቸው ያቋቋሙት። ኋላ የወጣቶች ውድድር ሆነ። ቢውግል መጀመሪያ ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ነው፤ ከከንፈር የሚወጡት ጥቂት ድምፆች ብቻ ናቸው ያሉት፣ ስለዚህ ዜማ ለመሥራት ብዙ ሰው መሆን ግድ ነው። እኔን የገረመኝ የቀድሞ አባላት ቡድኖቻቸው ናቸው። በልጅነታቸው በአንድ ቡድን የተሰለፉ ሰዎች ስልሳና ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ተሰብስበው፣ የድሮውን ልብስ በአዲሱ ቦርጫቸው ልክ አሰፍተው፣ የድሮውን ሰልፍ ይሰለፋሉ። ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል፣ ረድፉም አልፎ አልፎ ይጣመማል። በሙዚቃ ሚዛን ከለካነው ከወጣቶቹ አጠገብ አይደርሱም። ግን የቪዲዮው ካሜራ አንድን ሰው ለይቶ ሊያሳይ ሲሞክር አይሆንለትም፤ ፊት የሚሆን ሰው የለም። የተመለሰው ረድፉ ራሱ ነው።

የእኛ ወርቃማ ዘመን ሰዎች እንዲህ ያለ መመለስ አላገኙም። ጦሩ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን ሃምሳ አለቃ ትራምፔታቸውን ፈርመው መለሱና በአውቶቡስ ቆሰበር ገቡ። የመንግሥት ንብረት ነው። ከዚያ ወዲያ ትራምፔት በእጃቸው ነክተው አያውቁም።

እዚህ ላይ ግን ክርክሬን የሚያበላሽ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ጌታቸው መኩሪያ ነው። እሱን ሳላነሳ ባልፍ ማጭበርበር ይሆንብኛል።

ጌታቸው ዕድሜውን በሙሉ የረድፍ ሰው ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገና ልጅ ሳለ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገባ፣ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ቀጥሎ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ከዚያ ረድፍ ውስጥ ሆኖ ሽለላን ወደ ሳክስፎን አመጣው። የጦር ሜዳ ድምፅ ነው ሽለላ፤ ለቆሰበር ልጅ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በ14ኛው ኢትዮፒክስ ላይ ሳክስፎኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይዘላል፣ ሰውን ይሰድባል። በጣም እወደዋለሁ። ነገር ግን ከኋላው ያለው አጃቢ ጨዋ ነው፤ ሻሂ ቤት ውስጥ እንደሚፎክር ሰው ያደርገዋል። ሽላይ ተቀባይ ከሌለው ብቻውን የሚጮኽ ሰው ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2004 ከሆላንዱ «ዘ ኤክስ» ጋር ተገናኘ። እነዚህ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ናቸው፤ ከሽለላ ጋር ምን አገናኛቸው ትላለህ። «ሞአ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ስከፍተው እንደ ባርቢካኑ ንጹሕ ነገር ጠብቄ ነበር። ጊታሮቹ ግን ይጋጫሉ፣ ይጮኻሉ፣ ሳክስፎኑ ሲፎክር «በለው!» የሚሉ ይመስላል። ተቀባይ ማለት ይኸው ነው። አብረውም ቆዩ፤ ዓመታት አብረው ዞሩ፣ አርጅቶ የመጨረሻ አልበሙን መሥራት ሲፈልግ የጠራው እነሱን ነው። «ያንበሳው ትዝታ» እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፤ ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ። ያን የመጨረሻ አልበም ከፍታችሁ ነፊዎቹ የት ላይ እንደሚተነፍሱ አዳምጡ። አንዳንድ ቦታ ላይ እኩል ዘግይተው ይገባሉ።

ስለዚህ ጥያቄው የፈረንጅና የአበሻ አይደለም፤ እንደዚያ ብዬ ጽፌ ብጨርስ ብዙ ላይክ አገኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። ረድፍ የሚሠራው ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንት የተለማመደ ጎበዝ ባንድ ኖታ ይችላል። ስምንት ዓመት አብሮ የዞረ ባንድ ማን ጀርባውን እንደሚያመው ያውቃል።

ጊዜ ረድፍን እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ ቆሰበር ቅርብ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ጣሊያን ገና አገር ውስጥ እያለ። ፈረስ በአድዋ የሠራውን ውለታ ለማስታወስ በጥር ጊዮርጊስ ይከበራል። በ2017 ዓ.ም. 85ኛ ዓመቱ ነበር። አጎቴ አባል ነው፣ አባቱም አባል ነበሩ። ፈረሰኞቹ ሲገቡ ጉግሱ አለ፣ ስግሪያው አለ፣ ግላስና ኮርቻው በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ አቧራው ጉሮሮህ ውስጥ ይገባል።

በየዓመቱ ኢንተርኔት ላይ የሚለቀቁትን የበዓሉን ቪዲዮዎች ግን እንደ ሐያሲ ልያቸውና፣ አብዛኞቹ የኢትዮፒክስን ስሕተት ይደግማሉ። ድሮን ይነሳል፣ ሙዚቃው ይጋላል፣ አንድ ያማረ ፈረስ ለብቻው በዝግታ ሲጋልብ ይታያል። ፖስተር ነው። ማኅበሩ እዚያ ውስጥ የለም። ማኅበሩ ያለው በዓሉ ካለቀ በኋላ ሁለት አባላት ተጣልተው ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እስክትገባ ሲያስታርቋቸው ነው። ያለው አጎቴ ፈረሱ ሞቶበት አዲስ እስኪገዛ ድረስ በሌላ ሰው ፈረስ ሲሰለፍ፣ ባለፈረሱ ደግሞ ያን ዓመት በእግሩ ቆሞ ሲያይ ነው። አያቴ የተቀበሩ ዕለት ጓደኞቻቸው በፈረስ መጡ፤ የእሳቸውን ፈረስ አንድ ሰው በልጓሙ እየሳበ፣ ኮርቻው ባዶ። ያን ዕለት ማንም አልጋለበም። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የሰልፍ ትርጉም የገባኝ ያኔ ይመስለኛል፣ ቃሉን ግን አላወቅኩትም። የትኛውም ድሮን ያን ባዶ ኮርቻ ቀርፆ አያውቅም፤ ቢቀርፀውም ከኋላና ከፊት ያሉትን ፈረሶች ካላሳየ ባዶ ኮርቻ የጠፋ ፈረስ ብቻ ነው የሚመስለው።

ሃምሳ አለቃ የፈረሰኞቹ ማኅበር አባል አይደሉም፤ ፈረስ የላቸውም። በዓሉን ከሜዳው ጫፍ ቆመው ያያሉ። ሜዳው ላይ የቆምን ዕለት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አየህ፣ እነዚህ ተበትነው አያውቁም» አሉኝ። ቅናት ነበረበት።

ከአራቱ ትራምፔቶች ሦስቱ በሕይወት አሉ። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሐዋሳ፣ አንዱ እሳቸው። አንደኛው፣ አስም የነበረበት፣ ከሞተ ቆየ። ሦስቱ ኔትወርክ ባለ ቁጥር እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ሁሉም ለየብቻ ስለሆነ አንዱ የሰማውን ለሌላው ደውሎ መድገም አለበት። እኔም የአዲስ አበባ ልጅ ሆኜ መፍትሔ አለኝ አልኩ፤ በቴሌግራም ሦስቱን በአንድ ጥሪ አገናኛለሁ። የልጅ ልጆቻቸው በየፊናቸው ስልክ ያዙላቸው።

መጀመሪያ ሁሉም ጮኹ። ቀጥሎ ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ የሐዋሳው «እስቲ ማርሹን» አለ።

የሆነውን ገምቱ። ሃምሳ አለቃ ድምፃቸውን በአፋቸው ጀመሩ፣ የአዲስ አበባው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ደረሰ፣ የሐዋሳው ከዚያም ዘግይቶ። እያንዳንዱ ሌላው የዘገየ ይመስለውና ቀስ ይላል። ሁሉም ቀስ ሲሉ ማርሹ ወደ ለቅሶ ዜማ ተለወጠ፣ ከዚያ ቆመ። እኔ ስለ ሰርቨርና ስለ ድምፅ መዘግየት ላስረዳቸው ጀመርኩ። ከቴክኒክ አንጻር የሚሆን ነገር አይደለም፤ በዚህ ኔትወርክ ሦስት ሰው እኩል መዝፈን አይችልም። ማንም አልሰማኝም።

«እምቢልታ እናድርገው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት አይደለም፤ በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ አንድ ሁለት ድምፅ ነው ያለው፣ ስለዚህ ሦስት ሆነው በየተራ ይነፉታል። አንዱ ትቶ ሌላው ያነሳል፣ ዜማው በመካከላቸው ይሠራል። ለብቻው እምቢልታ የሚነፋ ሰው ዜማ የለውም፣ ያለው ተራ ነው። እንደኛ ቀርከሃ በሞላበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሐሳብ ከልጅነቱ ይዞት ያድጋል፤ ባዶ ዘንግ፣ አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ድምፅ።

ሃምሳ አለቃ የሦስተኛውን ክፍል ጥቂት ቤት ዘመሩና ዝም አሉ። ዝምታው ረዘመ፤ ልጥፋ አልጥፋ የሚል የኔትወርክ ዝምታ። ከዚያ የአዲስ አበባው የሁለተኛውን አነሳ። ጨርሶ ዝም ሲል የሐዋሳው አራተኛውን። እኩል መሆን ሲያቅታቸው ተራ በተራ ሆኑ፤ መዘግየቱ ራሱ ተራ መጠበቂያ ሆነ። እኔ ይህን በኮድ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር።

አራት ዙር ሄዱ። በየዙሩ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም አብረው የሚጠብቁት አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ ስምንት ያህል እርምጃ። ኔትወርኩ መሰለኝና ስልኩን አንስቼ አየሁት። ይሠራል። «ተቋረጠ እንዴ?» አልኩ።

ሃምሳ አለቃ በእጃቸው ዝም በል አሉኝ። በጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ነበር።

«አንደኛው ነው» አሉ።